የረሒማ ፓስፖርት፣ የየሺመቤት ቤት

የሺመቤት ባሏ በሞተ ማግስት ለአሠሪዋ ለማዳም «ወንድሜ ሞተ» ብላ ነገረቻት። ሌላ ምን ትበል? ማዳም የምታውቃት ረሒማ ብላ ነው። ረሒማ ደግሞ በፓስፖርቷም በቪዛዋም ላይ ያላገባች ሴት ናት፤ ያላገባች ሴት ባል አይሞትባትም። ማዳም ክፉ ሴት አይደለችምና ለሐዘንተኛ የሚባለውን ሁሉ ብላ፣ ከሰዓት በኋላውን እንድታርፍ ፈቅዳ፣ ለራት ግን እንድትወርድ አሳሰበቻት። የሺመቤትም ወረደች። ዶሮው ላይ ሁለት ጊዜ ጨው ጨመረች፤ ቤተሰቡ ውሃ እየጠጣ በላ፤ የተናገራት የለም።

ጊዜው ሰኔ 2012 ነው። በሽታው ዓለሙን ሁሉ በየቤቱ ከትቶ፣ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ቆሞ፣ ዱባይ፣ አል ባርሻ ያለው የማዳም ባለ ሁለት ፎቅ ቪላ በሩ ከተዘጋ ሦስት ወር አልፎት ነበር። ባሏ ክንፈ ደብረ ብርሃን ሆኖ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ሳምንት አተኮሰው፣ ትንፋሽ አጠረው፣ አለቀ። ቀብሩ ላይ ሰው ተራርቆ እንደቆመ፣ ድንኳን ሳይጣል ለቅሶው በሁለት ቀን እንደተበተነ በስልክ የነገረቻት ግድግዳ የምትጋራቸው ጎረቤት ኑኑ ናት። የሺመቤት አርባውን ያሳለፈችው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ማሽኑ ሲዞር ድምፅ አለው፤ ሲዞር ታለቅሳለች፣ ሲቆም ታቆማለች።

ይህ የረሒማ ነገር የመጣው በ2003 ነው። የሺመቤትና አብሮ አደጓ አሰለፈች በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ደላላ እጅ ወጡ። ደላላው ቁልጭ አድርጎ ነግሯቸዋል፤ የሙስሊም ስም ያላትን ቶሎ ይወስዷታል፣ ባል ያላትን ግን ልቧ እቤቷ ነው ብለው አይፈልጓትም። ወረቀቱን እሱ ራሱ ጨረሰው። የሺመቤት ረሒማ ሰይድ ሆነች፣ አሰለፈች ደግሞ መኪያ። ያን ጊዜ እንደ ጨዋታ ነበር። አውሮፕላኑ ውስጥ «መኪያ፣ ቀበቶሽን እሰሪ»፣ «እሺ ረሒማ» እየተባባሉ ሆዳቸውን እስኪያማቸው ስቀዋል። ሁለት ዓመት ሠርተው ሊመለሱ ነበር ሐሳቡ። ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ማዳም ነገሩ ጨርሶ አልጠፋትም፤ አንድ ጊዜ በሁዳዴ «ስምሽ የሙስሊም፣ ጾምሽ የክርስቲያን» ብላ ስቃባታለች። ባል እንዳላት ግን ጠርጥራ አታውቅም። ክንፈ በደወለ ቁጥር የሺመቤት «ወንድሜ ነው» ትል ነበር።

ቤቱን የገዙት በ2006 ነው፤ ሦስት ክፍልና ሰፊ ግቢ። ገንዘቡ ከሷ፣ ድካሙ ከሱ። ካርታው ሲወጣ ማዘጋጃ ቤት ክንፈን ባለትዳር ነህ ወይ ብለው ጠየቁት። ነኝ ቢል የሚስትህን ውክልና አምጣ ሊሉት ነው፤ ውክልናው ከዱባይ ሲመጣ የረሒማ ሰይድ ሊሆን ነው፤ ረሒማ ሰይድ ደግሞ ሚስቱ አይደለችም። በስልክ ተመካከሩ። «በስምህ ብቻ አውጣው፣ ስመጣ ስሜን ታስገባለህ» ያለችው ራሷ የሺመቤት ናት። ይህቺን ቃል በኋላ ደጋግማ ረግማታለች።

ጳጉሜ ላይ ኑኑ በኢሞ ደወለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እየተጣደፈች ነው የምታወራው። የክንፈ ታናሽ ወንድም መኮንን በራሱና በእናታቸው ስም የወራሽነት ማረጋገጫ ይሰጠን ብሎ ፍርድ ቤት አመልክቷል። ማመልከቻው ሟች ሚስትም ልጅም የሌለው ነበር ይላል። ቀበሌው ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ እቃወማለሁ የሚል ካለ ጥቅምት 5 ይቅረብ። ከሁሉ ከሁሉ ግን የሺመቤትን ወገቧን የቆረጣት የመጨረሻው ነበር፤ ከትናንት በስቲያ ሁለት ሰዎች ከመኮንን ጋር መጥተው ግቢውን በሜትር ሲለኩ ኑኑ በአጥሩ ቀዳዳ አይታለች። ወራሽነቱ ከጸደቀ ካርታው ላይ ስም ይዞራል፤ ስም ከዞረ ይሸጣል፤ ከተሸጠ በኋላ ማንን ይዛ ትጮሃለች?

ለመኮንን ደወለች። ሦስት ቀን አላነሳም። በአራተኛው ቀን አነሳና እስክትጨርስ በትዕግሥት ሰማት። ልጅ እያለ ጫማ የገዛችለት፣ «እታለም» ይላት የነበረ ሰው ነው።

«ወንድሜ ያገባት የሺመቤትን ነበር» አላት። «የሺመቤት ከአገር ከወጣች የሚያውቃት የለም። አንቺማ ረሒማ ነሽ። ፍርድ ቤት የምትመጪው በየትኛው ስምሽ ነው?»

ስልኩ ተዘጋ። የሺመቤት ያን ቀን ሦስት ሸሚዝ አቃጠለች።

አሰለፈች እንዲህ ያለ ነገር ለሚገጥመው ሁሉ የምትሰጠው አንድ ስልክ ቁጥር አላት፤ የጋሽ ሀብቴን። ጋሽ ሀብቴ ደሴ ላይ ሃያ ዓመት የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ሆነው ሠርተው፣ አሁን ሻርጃ፣ ሮላ አካባቢ የአንድ ሕንፃ ጥበቃ ናቸው። ሊፍቱ አጠገብ ካለች ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠው የግማሹን ሐበሻ ደብዳቤ ይጽፋሉ። ጨዋታ ይወዳሉ። የሺመቤት ስትደውል መጀመሪያ የትውልድ መንደሯን፣ ቀጥሎ የአባቷን ሥራ፣ ከዚያ ማዳሟ ጠባይዋ እንዴት እንደሆነ ጠየቋት። የደወለችበትን ሊረሱት ነው ብላ ስትሰጋ ድምፃቸው ተለወጠ።

«ልጅ አላችሁ?»

«የለንም።»

«እናቱ በሕይወት አሉ?»

«አሉ፤ እዚያው ቤት ውስጥ ነው ያሉት።»

«እንግዲያው አንቺ ወራሽ አይደለሽም።»

«ታዲያ አለቀልኝ!» አለች የሺመቤት። ጋሽ ሀብቴ «ቆይ፣ አትሙቺብኝ» አሏት። «ወራሽ አይደለሽም አልኩ እንጂ ባዶ እጅሽን ቀረሽ አልኩ? ውርስ ማለት ሟቹ የነበረው ነው። የቤቱ ግማሽ ደግሞ ድሮም የሱ አልነበረም። በትዳር ውስጥ የተገዛ ቤት፣ ካርታው በባል ስም ይሁን በሚስት፣ ሌላ ማስረጃ እስካልመጣ ድረስ የጋራ ነው የሚባለው። መጀመሪያ ያንቺ ግማሽ ይወጣል። ውርሱ የሚጀምረው ከቀረው ነው፤ እሱን እናቱና ወንድሙ ይካፈሉ። ስለዚህ ፍርድ ቤት ገብተሽ አውርሱኝ እንዳትይ። የራሴን አትንኩብኝ ነው የምትይው።»

እሳቸው ግን አልጨረሱም። ሚስትነቷ በምን ይታወቃል? ሰማኒያው የታለ? ሰማኒያው በክንፈ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ሣጥኑ በመኮንን እጅ ነው። ምስክርስ? ጎረቤቱ አለ፤ ኑኑ ትመሰክራለች። እንዲያ ከሆነ ጥሩ ነው አሉ፤ ከቆንስላ ውክልና ስጪ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ፍቅሩ የሚባል የማውቀው ጠበቃ አለ፣ መቃወሚያውን ያስገባልሻል። በዚህ ጊዜ የሺመቤት የፓስፖርቱን ነገር ነገረቻቸው። ሊፍቱ ተከፍቶ ሲዘጋ በስልኩ ተሰማ።

«ይሄ ነው ሙሽኪላው፣ ችግሩ» አሉ ጋሽ ሀብቴ በመጨረሻ። «ውክልና የሚሰጠው በፓስፖርት ነው። ረሒማ ሰይድ ጠበቃ ብትወክል ዳኛው ረሒማ ደግሞ ማናት ይላል። ጎረቤቶችሽ የሚያውቁት የሺመቤትን ነው። እዚያም ያወቀሽ፣ እዚህም ያየሽ፣ ሁለቱም አንድ ሴት ናቸው ብሎ የሚምል ሰው ያስፈልግሻል። አንቺም ቆንስላ ቀርበሽ በሁለቱም ስም የምጠራው እኔ ነኝ ብለሽ ቃልሽን ትሰጫለሽ።»

«ፓስፖርቴን ቢወስዱብኝስ?»

«አላውቅም የኔ ልጅ። ይወስዱታል አልልሽም፣ አይወስዱትም ብዬም አልዋሽሽም።»

እዚያም የነበረች፣ እዚህም ያለች ሰው አንዲት ብቻ ናት፤ በሰርጓ ሚዜ የነበረችው፣ በሰማኒያውም ላይ በእማኝነት የፈረመችው አሰለፈች። የሺመቤት ደወለችና ነገረቻት። አሰለፈች «እስኪ አስቤበት» አለች። ከዚያ ወዲያ ስልኳን ማንሳት አቆመች።

የቆንስላው ቀጠሮ ለመስከረም 14 ተገኘ። ፓስፖርቷ ግን ማዳም ካዝና ውስጥ ነው። ማዳም ደግሞ ከመጋቢት ጀምሮ ማንም ከግቢ እንዳይወጣ ከልክላለች፤ ዳቦ የሚያመጣውን ሰው እንኳ በር ላይ ቆሞ እንዲወረውር ነው የምታደርገው። የሺመቤት ሁለት ቀን ቃላት ስትመርጥ ከርማ «የወንድሜ ቤት ጉዳይ» ብላ ጀመረች። ማዳም ቀና አላለችም። የወንድምሽ ቤት ለእናትሽና ለቀሩት ወንድሞችሽ ነው፤ እነሱ እያሉ አንቺን በዚህ በሽታ መሃል ምን አስወጣሽ አለቻት። ትክክል ናት። ለውሸቱ የሚስማማው መልስ እሱ ነው።

«ወንድሜ አይደለም» አለች የሺመቤት። «ባሌ ነው።»

ማዳም ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ያ ሁልጊዜ የሚደውለው?»

«አዎ።»

«ዘጠኝ ዓመት?»

«ዘጠኝ ዓመት።»

የሺመቤት የጀመረችውን ልትጨርስ ስሟንም፣ ደላላውንም፣ ሁሉንም ዘረገፈችው። ማዳም አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። ከልጆቼ ጋር በአንድ ጣሪያ የምትኖረው ሴት ማን እንደሆነች አላውቅም ማለት ነው ብላ ወደ ፎቅ ወጣች። ሁለት ቀን ትእዛዟን በልጇ በኩል ነበር የምትልከው። የሺመቤት ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር አውጥታ አቧራውን ጠረገችው። ቢያባርሯት የት ትሄዳለች? ቪዛዋ በዚህ ቤት ነው። ቀጠሮው ሊያልፍ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

በሦስተኛው ቀን ማዳም ወጥ ቤት ገብታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የጠየቀችው የሺመቤት ካሰበችው ሁሉ የራቀ ነበር።

«ዒዳሽን ተቀምጠሻል?»

ዒዳ በነሱ ሃይማኖት ባል የሞተባት ሴት ሳታጌጥ፣ ከቤቷ ሳትወጣ አራት ወር ከአሥር ቀን የምትቀመጠው ነው። የሺመቤት በኛ እንዲህ ያለ የለም፣ ጥቁር ነው የምንለብሰው፣ እሱንም አልለበስኩም አለቻት። ማዳም ራሷን ነቀነቀች። ማንም ሳይነግረኝ ባል የሞተባትን ሴት ለእንግዶቼ አስጨፈርኩ ዋላሂ አለች፤ በአረፋ በዓል ዕለት፣ ከዘመድ ሌላ ሳታስገባ፣ ለእህቶቿ ልጆች የሺመቤትን እስክስታ አስወርዳት ነበርና። ከዚያ ስለ ቤቱ ጠየቀቻት። በእኛ ልጅ ከሌለ ሚስት ሩቡን ትወርሳለች፣ ማንም አይከለክላትም፤ እናንተ ዘንድስ?

«እኛ ዘንድ ሚስት አትወርስም። ግማሹ ግን ድሮም የራሷ ነው።»

ማዳም ትንሽ አሰበችበት። «ግማሽ ከሩብ ይበልጣል» አለች፣ ፊቷ ሳይፈታ። ፓስፖርቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ስትመለሺ ትመረመሪያለሽ፣ አሥር ቀን በውጪው ክፍል ትቀመጫለሽ፣ ኸላስ፣ በቃ። ይቅር እንዳለቻት ግን አልተናገረችም፤ የሺመቤትም ለመጠየቅ አልደፈረችም።

መስከረም 14 ሐሙስ ነበር። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት የሺመቤት ሰው እየሰበሰበች በምትሄድ የግል መኪና ተሳፍራ አሰለፈች ወዳለችበት ወደ አጅማን ሄደች። መኪናዋ ውስጥ አራት ሰው ነው፣ አራቱም በጭምብል፣ የሚያስል ቢኖር ሁሉም መስኮት ይከፍታል። ቀጠሮዋ ዱባይ፣ ቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። አሰለፈች ትምጣ አትምጣ አታውቅም፤ ቤት ትኑር አትኑር እንኳ አታውቅም።

አሰለፈች ታጸዳበት የነበረው ሆቴል ከተዘጋ ወዲህ አንድ ክፍል ውስጥ ለአራት፣ አልጋ ብቻ በሚከራይበት ቤድ ስፔስ ነበር የምትኖረው። ከታች ስትጠራት ወረደች። ደረጃው ላይ አንዷ ከላይ፣ አንዷ ከታች ተቀመጡ። መተቃቀፍ ፈርተዋል።

«ስልክሽን የማላነሳው ጠልቼሽ አይደለም» አለች አሰለፈች።

«አውቃለሁ።»

«ምን ሆኜ ልመስክር የሺ? በወረቀት መኪያ ነኝ። መኪያ ደግሞ ሰርግሽ ላይ አልነበረችም።»

የሺመቤት ሳታስበው ሳቀች። አሰለፈችም ጭምብሏን ይዛ ሳቀች፤ ሳቁ ግን ወዲያው አለቀባቸው። አሰለፈች ቪዛዋ ሊያልቅ ሁለት ወር እንደቀረው፣ ፓስፖርቷን አንድ ሰው ይዞ ይሄ የማን ነው ካለ መውጫ እንደሌላት ተናገረች። አንቺ ግማሽም ቢሆን ቤት አለሽ፣ እኔ የምጥለው ይችን ወረቀት ነው አለች። ምን ትላታለች? እውነት ነው። ሰዓቷን አየች። ሦስት ተኩል ሆኗል። ልመና አፏ ላይ ደርሶ ነበር፣ ግን ዋጠችው።

የቀጠለችው አሰለፈች ናት። ባለፈው ሰኔ እዚሁ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የነበረች አንዲት የአገራቸው ልጅ ሞታ ነበር። ቤተሰቦቿ ከወሎ በእውነተኛ ስሟ ሲያፈላልጓት፣ እዚህ ያለው ሬሳ ደግሞ በፓስፖርቷ ስም ተመዝግቦ፣ አሥራ ስድስት ቀን ባለቤት የሌላት ሆና ቆየች።

«ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም» አለች። ቀጥላም፣ «ፎርሙ ላይ የእናት ስም ይጠይቃል?»

«አላውቅም።»

«የእናቴን ስም ደላላው አልነካውም፤ እሱ የራሴው ነው» አለችና አብራት ልትሄድ ጫማዋን ልትቀይር ወደ ላይ ወጣች።

ቆንስላው በር ላይ ሰዉ መሬቱ ላይ በተሠመሩ ክቦች ውስጥ አንድ አንድ ሆኖ ቆሟል። ግንባራቸው ላይ ሽጉጥ መሳይ ነገር ደቅነው ሙቀታቸውን ለኩ። የሺመቤት ከፀሐዩም ከድንጋጤውም እሳት ሆና ስለነበር ሁለት ጊዜ ነው የተለካችው። ውስጥ ያለው ሠራተኛ ከመስታወት ኋላ ሆኖ ነገሩን ሰማ፤ የሁለቱንም ፓስፖርት ተቀብሎ ተነሣ፣ ወደ ኋለኛው ክፍል ገባ፣ በሩን ዘጋ። አሰለፈች የየሺመቤትን ክንድ ይዛ ነበር። ርቀት ጠብቁ የሚል ድምፅ መጣ፤ አልለቀቀቻትም። ሃያ ደቂቃ ይሁን አንድ ሰዓት የሺመቤት አላወቀችውም። በልቧ ቤቱን ትታ ፓስፖርቱን ስትለምን ነበር።

ሰውዬው ሁለቱንም ፓስፖርት ይዞ ተመለሰ። ስም ማስተካከል ሌላ ጉዳይ ነው፣ ለብቻው ታመለክታላችሁ፣ ጊዜ ይወስዳል፤ ዛሬ ግን ቃላችሁን እቀበላለሁ አለ። ፈረሙ። ውክልናው ላይ ረሒማ ሰይድ፣ ከሥሩ ደግሞ «በትውልድ ስሜ የሺመቤት» ተብሎ ተጻፈ። ፊርማዋ ከፓስፖርቱ ጋር እስኪመሳሰል ሦስት ጊዜ ነው የፈረመችው።

ወረቀቱን የወሰደችው ከዱባይ ዲራ ገበያ ዕቃ እየገዛች አዲስ አበባ የምትመላለስ ነጋዴ ከድጃ ናት። በሕፃናት ልብስ መሃል ከታ ይዛው ሄደች። የሺመቤት በውጪው ክፍል አሥር ቀን ስትቀመጥ ሥራዋ ወረቀቱን በሐሳብ መከተል ነበር፤ ዛሬ ከድጃ ተሳፈረች፣ ዛሬ ውጭ ጉዳይ ማኅተም ተመታ፣ ዛሬ ሰነዶች ማረጋገጫ ሰልፍ በዝቶ ተመለሰ፣ ዛሬ ጠበቃው ፍቅሩ ተረከበ። ማዳም ምግቧን በር ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች። አንድ ቀን ሳህኑ አጠገብ ጥቁር ሻሽ ታጥፎ ተቀምጦ አገኘች።

ጥቅምት 5 ችሎት ላይ የሆነውን ያወራቻት በምስክርነት የሄደችው ኑኑ ናት። መቃወሚያ ስለገባ ዳኛው አመልካቾቹ ራሳቸው ይቅረቡ ብለው ነበርና መኮንን እናቱን ደግፎ መጣ። ዳኛው ማመልከቻው በንባብ ይሰማ አሉ። ሟች ሚስትም ልጅም የሌለው ከሚለው ላይ ሲደርስ አሮጊቷ «ምን አለ?» ብለው የአጠገባቸውን ሰው ጠየቁ። ተደገመላቸው።

«ልጄን የዳርኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ሚስቱ የሺመቤት ናት። ወረቀቱ እንዲህ እንደሚል ማን ነገረኝ?»

መኮንን መሬት መሬት አየ። የመኮንን ጠበቃ ግን ተነሣና መቃወሚያ ያቀረበችው ረሒማ ሰይድ የምትባል ሴት መሆኗን አስረድቶ፣ እናትዬው ረሒማን ያውቋት እንደሆነ ይጠየቁልኝ አለ። አሮጊቷ ረሒማ የምትባል አላውቅም አሉ። «እዚህ ላይ ልቤ ቆመ» አለች ኑኑ። ያን ጊዜ ፍቅሩ የአሰለፈችን ቃል አቀረበ። ዳኛው አነበቡት፤ በፓስፖርቴ መኪያ የምባለው እኔ አሰለፈች፣ በሰርጉ ሚዜ ሆኜ፣ በሰማኒያው ላይ ፈርሜ፣ ኋላም ረሒማ በሚል ፓስፖርት ከወጣችው ከየሺመቤት ጋር በአንድ አውሮፕላን ሄጃለሁ ይላል። ዳኛው ቀና ብለው አሮጊቷን አሰለፈችን ያውቃሉ ወይ አሏቸው።

«አሰለፈችማ ያቺ ጥርሰ ፍንጭቷ ናት» አሉ እማማ። «አብረው ነው የሄዱት። ለስንቃቸው በሶ የፈጨሁት እኔ።»

ውሳኔው በሳምንቱ ተነበበ። እናትና ወንድም የክንፈ ወራሾች መሆናቸው ተረጋገጠ፤ ነገር ግን ቤቱ የባልና ሚስት የጋራ ነው፣ የሚስቲቱ ግማሽ ውርሱ ውስጥ አይገባም፣ ክፍፍሉ እስኪፈጸም ድረስም ካርታው ላይ ስም እንዳይዞር ታገደ። ፍቅሩ እንኳን ደስ ያለሽ ካለ በኋላ ወዲያው «ግን» አለ፤ ድርሻሽ በካርታው ላይ እንዲገባ መታወቂያሽና ውሳኔው ላይ ያለው ስም አንድ መሆን አለበት፣ የፓስፖርቱን ጉዳይ ግፊበት። የሺመቤት ማመልከቻውን አስገብታ ነበር። መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም፤ እስኪመለስ ድረስ ቪዛዋን ማሳደስ ትችል እንደሆነም የሚያውቅ የለም። ደስታዋን የት እንደምታስቀምጠው አጥታ ቀኑን ሙሉ መስኮት ስትወለውል ዋለች።

በማግስቱ ጠዋት ኑኑ ደወለችና ስልኩን ለእማማ ሰጠች። አሮጊቷ የስልኩን ፊት ወደ ጣሪያው አዙረውት ስለነበር የሺመቤት የምታየው ቆርቆሮ ብቻ ነው። ሰላምታው ረጅም ነበር። ሁለቱም ክንፈን ሳይጠሩ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ በሽታው አወሩ። ከዚያ እማማ በአንድ ትንፋሽ ተናገሩት። ማመልከቻው ላይ ጣቴን ያስነካኝ መኮንን ነው፤ ቤቱ በስማችን ካልዞረ እሷ መጥታ ትሸጠዋለች፣ አንቺንም ሜዳ ላይ ትጥልሻለች ብሎኝ ነው፤ ፈርቼ ነው።

«አሁንስ?» አሉ። «ልትሸጪው ነው?»

በውጪው ክፍል በነበረችባቸው ቀናት አንድ ሁለቴ ግማሹን ሸጣ ከዚህ ሁሉ መገላገልን አስባ ነበር። እማማ የዝምታዋን ርዝመት እየለኩ መሆናቸው ገባት።

«እርስዎ እያሉ አልሸጥም።»

«ማይልኝ።»

«ክንፈ ይ...» ብላ ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረ። ከልጅነት ትዳሯ ጀምሮ ስትምል ክንፈ ይሙት ነበር የምትለው። እማማም ሰምተዋል። «የክንፈ አጽም ይፋረደኝ እማማ፤ እርስዎ እያሉ አልሸጠውም።»

አሮጊቷ በረጅሙ ተነፈሱ። ሲያለቅሱ ይሁን ሲያርፉ በስልክ አይለይም።

«በይ እንግዲህ» አሉ። «የፊቱ ክፍል ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስ ነው የከረመው። መኮንንን ብለው አሁን አኩርፏል። ባለቤቷ አንቺ ነሽ፣ ሰው ፈልገሽ አስጠግኚው።»

የሺመቤት ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። «በየት በኩል ነው የሚያፈሰው?» አለች።